ለቀብር ተደራጅተናል፤ ለእንጀራስ?

በከተማችን በተጂ እድር የሌለው ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል። አዲስ ነዋሪ ቤት ተከራይቶ እቃውን ሳያወርድ ገና ጎረቤቱን የሚጠይቀው ስለ እድር ነው። መዋጮው በየወሩ ይከፈላል፤ የዘገየ ይቀጣል፤ የቀረ ይጠየቃል፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድስቱ ሁሉ በመዝገብ ተይዟል። ሰው ሲሞት ማን ምን እንደሚሠራ የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም ድርሻውን ያውቃል። ይህን ባየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። ሰው ከሞተ በኋላ እንዲህ አጥብቀን የምንያያዝ ሰዎች፣ በሕይወት ሳለ መሶቡ ባዶ ሲሆን ለምን ለየብቻችን እንሆናለን?

ይህን ጥያቄ ይዤ የምጽፈው ስለ አንድ ትንሽ ነገር ነው። በአጥቢያችን ወጣቶችና ጥቂት ቤተሰቦች አብረው የያዙት የእህል ቁጠባ አለ። ስም አልወጣለትም፤ «ቁጠባው» እንለዋለን። ሊፈርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ለምን ሊፈርስ እንደ ደረሰና ለምን እስካሁን እንዳለ ብነግራችሁ፣ በየአጥቢያችሁ እንዲህ ያለ ነገር ለጀመራችሁም ሆነ ልትጀምሩ ለምታስቡ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ተጂን ለማታውቁ፣ ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ስትወጡ ከሰበታና ከተፍኪ ቀጥላ የምትገኝ ከተማ ናት። ዙሪያዋ የበቾ ሜዳ ነው። አፈሩ ጥቁር ነው፤ በክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ አዋሽ ሲሞላም ሜዳው ባሕር ይመስላል። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ምስርና ጓያ ይበቅልበታል። በታኅሣሥና በጥር አይሱዙዎች ኩንታል በኩንታል ላይ ጭነው ወደ አዲስ አበባ ሲያልፉ እናያለን። ስለዚህ «በጤፍ አገር እንጀራ ቸገረ» ሲባል የሚገርመው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ከከተማው ነዋሪ ብዙው መሬት የለውም። መምህሩ፣ ጥበቃው፣ ልብስ ሰፊው፣ የቀን ሠራተኛው፣ እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው እናት ጤፍ የሚያገኙት እንደ አዲስ አበባ ሰው ከገበያ ገዝተው ነው። መኪናው በደጃቸው ያልፋል እንጂ ለእነርሱ አይቆምም።

ድሃ ለአንድ ዓይነት እህል ከሀብታም የበለጠ እንደሚከፍል አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ገንዘብ ያለው ሰው በጥር፣ ምርት ገበያውን ሲሞላው፣ ኩንታሉን ገዝቶ ያስቀምጣል። የዕለት ገቢ ያለው ግን የሚገዛው በኪሎ ወይም በጣሳ ነው፤ ያውም ዓመቱን ሙሉ፣ እህል በሚወደድበት በሐምሌና በነሐሴም ጭምር። ቸርቻሪውም ሌባ ስለሆነ አይደለም። የቤት ኪራይ፣ የማጓጓዣ፣ በሚዛን ላይ የሚጎድለው፣ ይህ ሁሉ በኪሎው ላይ ይጨመራል። እንዲህ እየሆነ አነስተኛ ገቢ ያላት እናት በዓመቱ መጨረሻ ለዚያው ጤፍ ከባለ ኩንታሉ ይልቅ ብዙ ብር አውጥታ ትገኛለች። ድህነት ራሱ ወጪ አለው።

ቁጠባው የተጀመረው በ2014 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር የምግብ ዘይት ከየሱቁ ጠፋ፤ የተገኘውም ዋጋው ሰማይ ነካ። የአገሪቱ የዋጋ ንረትም በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በወጣቶች የጸሎት ሳምንት ላይ ሰዎች ያቀረቡት የጸሎት ርእስ ከሞላ ጎደል አንድ ሆነ፤ አስቤዛ። ከጸሎቱ በኋላ አንዲት እህት «እንግዲህ ጌታ የሚመልስልን በእኛው እጅ ቢሆንስ?» አለች። ዘጠኝ ቤተሰቦች በሳምንት መቶ መቶ ብር ማዋጣት ጀመሩ። በጥር ከአጥቢያችን ገበሬዎች ጤፍ ተገዛ። ጤፍ ለእንዲህ ያለ ሥራ የተባረከ እህል ነው፤ በቆሎና ሽምብራ በነቀዝ ሲጎዱ ጤፍ ግን ከእርጥበትና ከአይጥ ከተጠበቀ ዓመታት ይቆያል። በቤተ ክርስቲያን ግቢ ካሉት ክፍሎች አንዱ ተጠርጎ፣ ከሥሩ እንጨት ተረብርቦ፣ ጆንያው ተደረደረ። ከግንቦት እስከ መስከረም፣ ችግሩ በሚጠናበት ወራት፣ እያንዳንዱ ድርሻውን በየአሥር ኪሎው ይወስድ ጀመር። በሦስተኛው ዓመት ቤተሰቦቹ ሃያ ሁለት ደረሱ፤ መዋጮውም ሁለት መቶ ብር ሆነ።

ይህ እኛ የፈጠርነው አይደለም። በፈረንጆች 1844 በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በምትባል የፋብሪካ ከተማ 28 ሰዎች፣ ከመካከላቸው ሸማኔዎች ያሉባቸው፣ እያንዳንዳቸው አንድ ፓውንድ ለማዋጣት ሳንቲም በሳንቲም አጠራቀሙ። በዚያን ጊዜ የሠራተኛው ምግብ ውድ ብቻ ሳይሆን ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ነበር። በታኅሣሥ ወር አንዲት ትንሽ ሱቅ ከፈቱ፤ በውስጧ የነበረው ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳርና የአጃ ዱቄት የመሳሰለ ጥቂት ነገር ነው። ደንባቸው ግን ጠንካራ ነበር። ንጹሕ እቃ፣ ሙሉ ሚዛን፣ እጅ በእጅ ክፍያ፣ ለአንድ አባል አንድ ድምፅ፣ ትርፉም አባሉ በገዛው መጠን የሚከፋፈል። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚመሩባቸው መርሆዎች ሥራቸው ከዚያች ሱቅ ነው። በአገራችንም የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 በዚሁ መንፈስ የተጻፈ ነው።

ሆኖም በአጥቢያችን ሽማግሌዎች ዘንድ ስለ ቁጠባው መጀመሪያ ሲነገር ፊታቸው ጠቆረ። ምክንያት አላቸው። በደርግ ዘመን የነበረውን የቀበሌ ሱቅ ያስታውሳሉ፤ ሰልፉን፣ ኩፖኑን፣ ለባለ ሥልጣን በጓሮ በር የሚወጣውን ስኳር። ገበሬ የሆኑት ደግሞ እህላቸውን መንግሥት በተመነው ዋጋ በኮታ ያስረከቡበትን ዘመን አይረሱም። በ1983 ሥርዓቱ ሲወድቅ ብዙ ማኅበራት አብረው ፈረሱ፤ ንብረታቸውም ተዘረፈ። አንድ አባት «የሁሉም የተባለ ነገር የማንም አይደለም» አሉን። እውነት አላቸው፤ ሰው በግድ የገባበትን ነገር አይጠብቅም። ዛሬ ያሉት የሸማቾች ማኅበራት ብዙ ጊዜ የሚቸግራቸው ሌላ ነገር ነው። ስኳር ወይም ዘይት በኮታ ሲመጣ በራቸው በሰው ይጨናነቃል፤ ኮታው ሲቋረጥ ማንም ብቅ አይልም። ከሁለቱም የተማርነው አንድ ነው። ማኅበር የሚቆመው አባሉ «የእኔ ነው» ሲል እንጂ ከላይ የሚመጣ ነገር ሲጠብቅ አይደለም።

ወደ ቁጠባው ልመለስ። ሦስት ነገሮች ሊያፈርሱት ነበር።

የመጀመሪያው የገንዘቡ መቅለጥ ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። ዓመቱን ሙሉ ባንክ የተቀመጠው የቁጠባው ብር ቁጥሩ አልጎደለም፤ በጥር 2017 ገበያ ሲወጣ ግን የሚገዛው ኩንታል ጎደለ። ሒሳቡን በምሳሌ ላሳያችሁ። 60,000 ብር አላችሁ እንበል፤ ኩንታሉ 10,000 ሲሆን ስድስት ኩንታል ይገዛል። ኩንታሉ 12,000 ሲገባ ያው ብር አምስት ብቻ ይገዛል። ማንም ሳይሰርቅ አንድ ኩንታል ጠፋ ማለት ነው። አባላቱ ይህን ሲያዩ ተጠራጠሩ፤ ዘጠኝ ቤተሰቦችም ወጡ። እርግጥ ነው፣ ሰው በችግር ላይ ሳለ እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ ይደነግጣል።

የተገኘው መፍትሔ ቀላል ነው። አሁን ገንዘቡ ጥርን አይጠብቅም። መዋጮው አንድ ኩንታል ለመግዛት በበቃ ቁጥር፣ አምስት ሳምንትም ይፍጅ ስድስት፣ እህል ይገዛል። በሐምሌ ሲገዛ እንደ ጥር አይረክስም፤ ከኪሎው ዋጋ ግን ይሻላል፤ ብሩም አይቀልጥም። ደግሞ መዋጮው ከወራቱ ጋር እንዲሄድ ተደረገ። በኅዳርና በታኅሣሥ የአጨዳና የውቂያ ሥራ ስላለ የቀን ሠራተኛው እጁ ላይ ገንዘብ ይገባል፤ ያን ጊዜ እጥፍ ይከፍላል፤ በክረምት ግማሽ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ደብተሩ መለወጡ ነው። እህሉ ከተገዛ በኋላ በአባሉ ስም የሚጻፈው ብር ሳይሆን ኪሎ ነው። አርባ ኪሎ ያለው ሰው ዋጋው ወጣ ወረደ አርባ ኪሎ አለው። በዚህ ከእድሩ ዳኞች ጋር እኩል መተማመን የቻልን ይመስለኛል።

ሁለተኛው ዱቤ ነው፤ ይህ ከገንዘቡ ይልቅ ልቤን ነክቶታል። ክረምት ላይ አባል ያልሆኑ እናቶች ወደ ኮሚቴው መጥተው «ለመስከረም እመልሳለሁ» ብለው ጤፍ ይጠይቁ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆመህ እንዴት እንቢ ትላለህ? ኮሚቴው ሰጠ። መስከረም መጣ፤ የከፈሉ ነበሩ፤ ያልቻሉም ነበሩ። ያልቻሉት ሁለት እናቶች ከእሁድ አምልኮ ቀሩ። ማንም አልወቀሳቸውም፤ ነገር ግን ዕዳ ያለበት ሰው ዓይን ለዓይን መተያየት ይከብደዋል። ዱቤው እህሉን ብቻ ሳይሆን እናቶቹን ወሰደብን። አንዷን ቤታቸው ሄደን ስንጠይቃቸው ምድጃው ላይ የተጣደው የጓያ ሽሮ ነበር፤ ለብዙ ሳምንታት የበሉት እርሱን ብቻ እንደሆነ ነገሩን። የበቾ ሰው ጓያን ያውቀዋል። ውኃ የማይገድለው፣ ድርቅ የማይጥለው፣ በክፉ ቀን የሚገኝ ርካሽ እህል ነው። ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግርን ያሽመደምዳል፤ ያም ሽባነት አይድንም። በርካሽ የተገዛ እህል እንዲህ ውድ ዋጋ ያስከፍላል።

በዚያ ሰሞን በወጣቶች ጥናት ላይ የነበርነው የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ነው። ብዙ ጊዜ ምዕራፉን የምናነበው ስለ እስጢፋኖስ ነው። መነሻው ግን የምግብ ጥያቄ ነው። በየቀኑ በሚደረገው እደላ የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት መበለቶች ተረሱ፤ ማጉረምረም ተነሣ። ሐዋርያት ጉዳዩን «ሥጋዊ ነው» ብለው አልተዉትም፤ ለጸሎትና ለቃሉ ያላቸውን ሥራም አልጣሉም። ሥራውን ለይተው፣ መልካም ስም ያላቸውን፣ መንፈስና ጥበብ የሞላባቸውን ሰባት ሰዎች ሾሙ። የተሾሙት ሰዎች ስም ሁሉ የግሪክ ነው፤ የተረሱትን ወገኖች የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ለምናመልክ ለእኛ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። እደላ ላይ ማን ተረሳ ብሎ ለመጠየቅ በሁለቱም ቋንቋ የሚሰማ ጆሮ ያስፈልጋል።

ከዚያ ጥናት በኋላ ቁጠባውና ምጽዋቱ ተለያዩ። ቁጠባው ዱቤ አይሰጥም፤ ለማንም፣ ለመጋቢያችንም ቢሆን። ከሚገዛው ከእያንዳንዱ ኩንታል ግን አምስት ኪሎ ተነሥቶ ለብቻው ይቀመጣል። በወሩ የመጀመሪያ እሁድም ምእመናን አንድ አንድ ጣሳ እህል ይዘው ይመጣሉ። ይህን የሚያድሉት ዲያቆናት ናቸው፤ የሚሰጠውም በነጻ ነው እንጂ በብድር አይደለም። ኦሪት ዘሌዋውያን 19 ገበሬው የእርሻውን ዳር እንዳያጭድ፣ ቃርሚያውን ለድሃና ለመጻተኛ እንዲተው ያዝዛል፤ ሩት ኑኃሚንን የመገበችው በዚያ ሕግ ነው። የእርሻው ዳር ለድሃ የተተወ ነው፤ መካከሉ ግን ይታጨዳል፤ ለዘርም ይቀመጣል። ገበሬው ሁሉንም ቢያድል በሚቀጥለው ዓመት ሩት የምትቃርመው አይኖርም። የቀሩት እናቶች ዕዳቸው ተሰርዞላቸው ተመልሰዋል። አንደኛዋ ዘንድሮ ራሳቸው አባል ሆነው በሳምንት ሃምሳ ብር ይከፍላሉ።

ሦስተኛው ፈተና የመጣው ከሀብት ነው። በነሐሴ 2017 ገና ያልተከፋፈለ ጥቂት ኩንታል ነበረን፤ ገበያው ደግሞ ተወዶ ነበር። በስብሰባ ላይ «አሁን ብንሸጠው የቀለጠብን ብር ይመለሳል፤ ትርፉን እንካፈል» የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሐሳቡን ያቀረቡት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ሦስት ልጆች ትምህርት ቤት የሚያስገባ አባት ነበረበት። ክርክሩ ረዘመ። በመጨረሻ አንድ የቀን ሠራተኛ ወንድም ተነሥቶ፣ «ነሐሴን ጠብቆ የሚሸጥ ነጋዴ ከሆንን፣ እኛን ከነጋዴው የሚለየን ጸሎቱ ብቻ ነው» አለ። ሰው ሳቀ፤ ከዚያም ዝም አለ። መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 11 እህልን ስለሚይዝና ስለሚሸጥ ሰው የሚናገረውን ከእኛ መካከል የማያውቅ አልነበረም። እህሉ ሳይሸጥ ለአባላቱ ተከፋፈለ።

ያን ቀን ስለ ዮሴፍም አሰብሁ። ሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ሲመጡ ከምርቱ አንድ አምስተኛ እንዲከማች ማድረጉን ሁላችንም በደስታ እናስተምራለን። ምዕራፍ 47ን ግን ብዙ ጊዜ እንዘለዋለን። በረሃቡ መጨረሻ ሕዝቡ ገንዘቡን፣ ከብቱን፣ መሬቱን፣ በመጨረሻም ራሱን ለፈርዖን አሳልፎ ሰጠ። ጎተራው ሕይወት አትርፏል፤ የጎተራው ቁልፍ በአንድ እጅ ስለነበር ግን ሕዝቡን አገልጋይ አደረገው። ስለዚህ «ዮሴፍ አከማችቷልና እናከማች» ማለት ብቻ አይበቃም። ቁልፉ በማን እጅ ነው ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል። የእኛ ክፍል ሁለት ቁልፍ አለው፤ ሁለት የማይዛመዱ ሰዎች ካልተገናኙ አይከፈትም።

ወጣቶች፣ ወደ እናንተ ልመጣ። እንዲህ ያለ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚሞተው በሌባ አይደለም፤ ሥራው ሁሉ የወደቀባቸው ሁለት ሦስት ሰዎች ሲደክማቸው ነው። ጀማሪዎቹ አንደኛው ያገባል፣ አንደኛዋ ሥራ ተመድባ ትሄዳለች፣ ደብተሩ ሳጥን ውስጥ ይቀራል። እኛ አሁን እያንዳንዱ ኃላፊ ስድስት ወር ካገለገለ በኋላ ከእርሱ በታች ላለው አስተምሮ ያስረክባል። ሚዛን የሚይዝ፣ ደብተር የሚጽፍ፣ ወፍጮ ቤት የሚያደርስ፣ የገበያውን ዋጋ በየሳምንቱ ጠይቆ በግድግዳው ላይ የሚለጥፍ፣ ሁሉም ተራ አለው። መዋጮ በቴሌብር የሚልክም አለ፤ ስልክ የሌላቸው እናቶች በእጃቸው ይከፍላሉ፤ ሁለቱም በአንድ ደብተር ይጻፋሉ፤ ደብተሩም ማንም ሲጠይቅ ይከፈታል። ሒሳብ ለተማራችሁ ይህ ቀላል ነው። መዘምራን የምትሆኑም ድምፃችሁ በመድረክ እንደሚያገለግል ሁሉ ትከሻችሁም ጆንያ ሲወርድ ያገለግላል። የእግዚአብሔር ሕግ በኦሪት ዘዳግም 25 ስለ ሚዛን ትክክለኛነት ማዘዙን ካስታወሳችሁ፣ ሚዛን መያዝ ዝቅ ያለ አገልግሎት እንዳልሆነ ትረዳላችሁ።

ቁጠባው የአገር ረሃብ አያጠፋም። አሥራ አራት ቤተሰብ ነው፤ አምስት ኪሎው ለሚጠይቁት ሁሉ አይደርስም፤ ዝናብ ቢቀር ወይም መንገድ ቢዘጋ እኛም እንደማንኛውም ሰው እንቸገራለን። የምንዛሪውን ዋጋ አናወርድም፤ የነዳጁንም። ግን አሥራ አራት ቤት በነሐሴ በኪሎ ገበያ አይቆምም። ሁለት እናቶች በአምልኮ ላይ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። ይህ ለእኔ ብዙ ነው።

በየአጥቢያችሁ የምትጀምሩ ከሆነ በትልቁ አትጀምሩ። አምስት ቤተሰብ፣ አንድ ደብተር፣ አንድ ትክክለኛ ሚዛንና ሁለት ቁልፍ ይበቃል። ደንባችሁን ስታወጡ ብድርንና ስጦታን ለዩ፤ ስትቆጥሩ በብር ሳይሆን በኪሎ ቁጠሩ፤ ስትሾሙ ተተኪውን አብራችሁ ሹሙ። የሚመክራችሁ ካጣችሁ ሩቅ አትሂዱ፤ የሰፈራችሁን የእድር ዳኛ ጠይቁ። እድሮቻችን በመንግሥታት መለዋወጥ መካከል አልፈው እስከ ዛሬ የቆዩት በገንዘባቸው ብዛት አይደለም። መዝገባቸው ክፍት ነው፤ ቅጣታቸው ለሁሉም እኩል ነው፤ የሄደውን የሚተካ ሰው አያጡም። ያንን ሥርዓት ለሙታን ጠብቀን አቆይተናል። አሁን ለሕያዋን እንዋሰው።